ደብዳቤው ለእማዬ ነው የመጣው፣ እማዬ ግን ማንበብ ትታለች

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ መነሳት ናቸው። መንገድ ሊሰፋ ነው፣ ኮሪደር ሊሠራ ነው፣ የመብራት ምሰሶ በማሳው ሊያልፍ ነው። የካሳ ስሌትን ብዬ ብዬ ስለሰለቸኝ ዛሬ እሱን እተወዋለሁ። ዛሬ የመረጥኳቸው አራት ጥያቄዎች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፣ ቢያንስ ጠያቂዎቹ እንደዚያ ይመስላቸዋል። ካርታው ወይም ደብተሩ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ለራሱ መናገር አይችልም። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስምና ሰፈርም አውጥቻለሁ።

"ውክልና አለኝ፣ አይበቃም ወይ?"

*ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ 81 ዓመቷ ነው፣ የመርሳት በሽታ ከያዛት አራት ዓመት ሆኗታል። አንዳንድ ቀን እኔኑ "የማን ልጅ ነሽ?" ትለኛለች። ካርታው በስሟ ነው። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። ባለፈው ሳምንት ከወረዳ መጥተው ቤታችሁ ለኮሪደር ልማት ይነሳል አሉን፣ ደብዳቤም ሰጡን፣ የንብረት ቆጠራው ላይ እማዬ ትፈርም አሉ። እኔ በ2008 ዓ.ም የሰጠችኝ ጠቅላላ ውክልና አለኝ። ታላቅ ወንድሜ "ምን ያንዛዛችኋል፣ አሻራዋን እናስነሳትና ይለቅ" ይላል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ታናሽ እህታችን ደግሞ "ምንም እንዳትፈርሙ" ትላለች። ማንን ልስማ?*

እህቴ፣ የሲልቨር ስፕሪንጓን ስሚ። ግን እሷም የነገረችሽ ግማሹን ነው። አለመፈረም ብቻውን አያድንም፤ እናንተ ዝም ብትሉም ቀኑ ይቆጥራል።

መጀመሪያ የወንድምሽን ነገር እንጨርስ። አሻራ ማስነሳት ቀላል ነው። አንዱ እጇን ይይዛል፣ አንዱ ቀለሙን ያቀርባል፣ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። በዓይኔ አይቼዋለሁ። አክስቴ ቤት ነበር፣ መንገድ ሲሰፋ። አክስቴ ያኔ ልጆቿን በስም መለየት ትታ ነበር። ቅጹን ይዘው የመጡት ሰዎች ጨዋዎች ነበሩ፣ ቡናም ጠጥተዋል። የአክስቴ ልጅ አውራ ጣቷን ይዞ ሰማያዊው ቀለም ላይ ጫን አደረገና ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። አክስቴ ጣቷን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችውና "ማነው የሞተው?" አለች። ከዚያ በፊት አሻራዋን የሰጠችው ባሏ ሲሞት ለጡረታ ወረቀት ነበርና። ማንም አልመለሰላትም። ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። እኔ ያኔ የሕግ ተማሪ ነበርኩ፣ ሦስተኛ ዓመት፣ ስኒዬን ይዤ ቁጭ ብዬ አየሁ። ካሳው በአንድ ልጅ እጅ ገባ። የቀሩት ሦስቱ ነገሩን ሲሰሙ የሆነው ሆነ፣ እስከ ዛሬ ፋሲካን አብረው አያከብሩም።

አሁን ሕጉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንኛውም ሰው ችሎታ፣ ማለትም ለራሱ የመወሰንና የመፈረም ሕጋዊ አቅም፣ እንዳለው ይገመታል። የለውም የሚል ሰው ነው የሚያስረዳው። እናትሽ ዛሬ አሻራ ብታደርግ ወረቀቱ ላይ ያለው አሻራ የጤነኛ ሰው አሻራ ነው የሚመስለው። ነገ ላፍርሰው ብትሉ፣ በዚያች ሰዓት ምን እንደምታደርግ አታውቅም ነበር ብላችሁ ማስረጃ ልታቀርቡ ነው። ማን ይመሰክራል? እጇን የያዘው ወንድምሽ? ለዚህ ነው መጥፎ ፊርማን ከማፍረስ አለማስፈረም የሚቀለው።

ወደ ውክልናሽ ስመጣ ደስ የማይል ነገር ልነግርሽ ነው። ውክልና የሰጪው ሰው አእምሮ እስካለ ድረስ ነው የሚኖረው። ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። ችሎታ ሲያጣም ያበቃል፣ ይህን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ወረቀቱ ላይ "ችሎታ ባጣም ይቀጥላል" የሚል ቃል ከተጻፈ ሌላ ነገር ነው፣ ሕጉ ተዋዋዮች ከተስማሙ ይፈቅዳል። በ2008 ያወጣሽው ግን ከውልና ማስረጃ በር ላይ ጸሐፊዎች የሚያትሙት ዓይነት ከሆነ እንዲህ ያለ መስመር የለበትም። አንብቢው፣ ምናልባት እድለኛ ከሆንሽ። ሌላም አለ። ጠቅላላ ውክልና ቤት ማከራየት፣ ግብር መክፈል፣ ማደስ፣ እንዲህ ያሉ የአስተዳደር ሥራዎችን ነው የሚሸፍነው። ቤት መሸጥ፣ ማስያዝ፣ መታረቅ፣ ስጦታ መስጠት ልዩ ውክልና ይጠይቃሉ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ብዙ መሥሪያ ቤት ውክልናውን አይቶ ያልፋል። ኮፒ አድርጎ ፋይል ውስጥ ይከተዋል። መሥሪያ ቤቱ ፊርማ ነው የሚፈልገው፣ ፊርማው ከየት እንደመጣ የሚጨነቀው በኋላ ሰው ሲከስ ነው። እዚህ ጋ ነው የነገሩ ሥር ያለው። እኛ አገር ይዞታ የሚለቀቀው በአስተዳደር ውሳኔ ነው። ወረዳው ወይም ክፍለ ከተማው ይወስናል፣ ይቆጥራል፣ ይገምታል፣ ይከፍላል። በዚህ ሁሉ መሃል "ባለይዞታዋ የተነገራትን ተረድታለች ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ የለም። ዳኛ የሚገባው እናንተ ስትጠሩት ብቻ ነው። ስለዚህ ጥሩት።

የምትጠሩት እንዲህ ነው። ፍርድ ቤት ሄዳችሁ እናታችሁ በፍርድ እንድትከለከል፣ ማለትም ራሷ ፈርማ እንዳትገደድ፣ ሞግዚትም እንዲሾምላት ታመለክታላችሁ። ቃሉ ያስጠላል፣ አውቃለሁ። "እናቴን ላስከልክላት?" ብሎ ቢሮዬ ውስጥ ያለቀሰ ሰው አለ። ሕጉ ራሱ ደግሞ "እብድ" እያለ ነው የሚጽፈው፣ የዘመኑ ቃል ነው፣ አንደኛውን ጆሮ ደፍናችሁ አንብቡት። የሚከለከለው ሰው እንዳይበደል ነው የሚከለከለው። ከዚያ በኋላ እናትሽ ላይ የሚነሳ ማንኛውም አሻራ በቀላሉ ይፈርሳል፣ የወንድምሽም የሌላውም።

ማመልከት የሚችሉት ታማሚዋ ራሷ፣ የትዳር ጓደኛ፣ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ፣ ወይም ዐቃቤ ሕግ ናቸው። አንቺ ትችያለሽ። ከመንግሥት ሆስፒታል የሐኪም ማስረጃ ያስፈልግሻል። "የማስታወስ ችግር አለባት" የሚል አንድ መስመር አይበቃም። ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ያህል፣ ገንዘቧንና ንብረቷን ማስተዳደር ትችላለች ወይስ አትችልም፣ ይህን በግልጽ ይጻፉልሽ፣ ሐኪሙን ለምኝው። ዳኛው እናትሽን ራሱ ማየት ይፈልጋል። መምጣት ካልቻለች ያለችበት ሰው ተልኮ እንድትታይ ጠይቂ። የትኛው ፍርድ ቤት ነው ካልሽኝ፣ ፌዴራሉም የከተማውም አዲስ አበባ ውስጥ ስላሉ ከሬጅስትራር ጠይቂ፣ አምስት ደቂቃ ነው፣ ተሳስተሽ ከምትመለሺ።

ፍርድ ቤቱ የሚሾመው ሁለት ዓይነት ነው። አሳዳሪ ሰውየዋን ይንከባከባል፣ ሞግዚት ንብረቷን ያስተዳድራል። አንድ ሰው ሁለቱንም መሆን ይችላል። በእናንተ ጉዳይ የእኔ ምክር መለየት ነው። አንቺ አብረሻት ነው የምትኖሪው፣ ቤቱ ሲነሳ አንቺም ትነሻለሽ። ምትክ ቦታ ይሻላል ወይስ ሌላ የሚለው ምርጫ ለእናትሽ ብቻ ሳይሆን ለአንቺም ኑሮ ነው። ክፉ ነሽ ማለቴ አይደለም። ግን ወንድምሽ እንዲህ ብሎ መከራከሩ አይቀርም። አንቺ አሳዳሪ ሁኚ፣ ገንዘቡን ሁላችሁም የምታምኑት ሌላ ሰው ይያዝ፣ አጎት ካለ፣ አክስት ካለች። እህትሽ ስምምነቷን ኤምባሲ ሄዳ በውክልና ትላክ፣ ፋይሉ ውስጥ ይግባ።

ሞግዚቱ እንደ ራሱ ገንዘብ አያዝም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል፣ ሒሳብም ያቀርባል። ካሳው ሲከፈል በእናትሽ ስም በዝግ ሂሳብ እንዲገባ ፍርድ ቤቱን ጠይቁ። ለመድኃኒት፣ ለምግብ፣ ለጠባቂ የሚሆን በየወሩ እንዲወጣ ይፈቀዳል። ብዙ ጠብ የሚበርደው በዚህች አንዲት ትእዛዝ ነው።

እስከዚያ ወረዳውን ምን ትዪዋለሽ? ጻፊለት። አንድ ገጽ ይበቃል። ባለይዞታዋ ታማ መወሰን እንደማትችል፣ ለፍርድ ቤት በዚህ መዝገብ ቁጥር እንዳመለከታችሁ፣ ሞግዚት እስኪሾም ቅጽ እንዳያስፈርሟት። የሐኪሙን ወረቀት ኮፒ አያይዢ። ሁለት ቅጂ ያዢ፣ አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርጊ፣ ሁለተኛው ላይ ማህተምና ቀን አስመቺ። "ለባለሙያው በእጁ ሰጥቼዋለሁ" የሚባል ነገር የለም፣ ባለሙያው ነገ ይቀየራል። ቆጣሪዎቹ ሲመጡ ግን በሩን አትዝጊ። ቆጠራው ይቆጠር፣ አንቺ ተገኝተሽ ከእነሱ ጋር ዙሪ፣ አጥሩ፣ የውሃ ጉድጓዱ፣ ጓሮ ያለው አቮካዶ ሳይቀር መጻፉን እዪ፣ በስልክሽም ፎቶ አንሺ። ተገኝቼ አይቻለሁ ብሎ መፈረምና ተስማምቻለሁ ብሎ መፈረም የተለያዩ ናቸው። ከፊርማሽ በላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር አንብቢ።

ቀኑን አትርሺ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ላይ የማስለቀቂያ ትእዛዝ የደረሰው ሰው ለአቤቱታ ሰሚው አካል የሚያመለክተው በ30 ቀን ውስጥ ነው። አዋጁ ማሻሻያ ስለተደረገበት ደብዳቤው ላይ የተጠቀሰውን ቁጥር እዪና ቀኑን እዚያው ወረዳ አረጋግጪ። አቤቱታውን ማቅረብ የሚችለው ትእዛዙ የደረሰው ሰው ብቻ አይደለም፣ በንብረቱ ላይ መብት ወይም ጥቅም አለኝ የሚልም ይችላል። ይህ ለአንቺ ይጠቅማል። ቤቱ አባታችሁና እናታችሁ በትዳር ላይ እያሉ ያፈሩት ከሆነ ግማሹ የአባታችሁ ነበር። ካርታው ላይ የእማዬ ስም ብቻ ቢኖርም ወራሾች እንደመሆናችሁ በራሳችሁ ስም የምትናገሩበት በር ሊኖር ይችላል። የወራሽነት ወረቀት አውጥታችሁ ነበር? ካላችሁ ፈልጉት፣ ዛሬ ማታ።

"ወንድሜ ጠበል ነው ያለው፣ መሬቱ በስሜ ይዙር አሉኝ"

*ጤና ይስጥልኝ። እኔ ገበሬ ነኝ፣ ደቡብ ጎንደር። የሚጽፍልኝ አሥራ አንደኛ ክፍል ያለው ልጄ ነው። ታናሽ ወንድሜ አእምሮው ከታወከ ስድስት ዓመት ሆነው። ቤት ሲሆን በር ዘግተን እንጠብቀዋለን፣ አሁን እንጦጦ ማርያም ጠበል ወስደነዋል። የራሱ ሁለት ጥማድ መሬት አለው፣ ደብተሩም በስሙ ነው፣ እኔ አርስለታለሁ። አሁን መንገድ ሊያልፍበት ነው። ኮሚቴው "ወንድምህ ስለሌለ ባንተ ስም እንጻፈው፣ ካሳውም ባንተ ስም ይውጣ፣ ይቀልሃል" አሉኝ። መብላት ፈልጌ አይደለም፣ ለእሱው ነው የማውለው። ምን ይመክሩኛል?*

ጋሼ፣ መጀመሪያ ስለ ወንድምዎ እግዜር ይማረው። ስድስት ዓመት መጠበቅ ቀላል አይደለም።

በእርስዎ ስም አይጻፍ። ኮሚቴው ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል፣ ወረቀቱ ቶሎ እንዲያልቅለት ነው። ግን በእርስዎ ስም የተጻፈ በወረቀት የእርስዎ ነው። ዛሬ እርስዎ አሉ፣ የሚያውሉትም ለእሱ ነው። ነገ እርስዎ የሉም እንበል። ካሳው የእርስዎ ውርስ ተብሎ ለልጆችዎ ይከፋፈላል፣ ይህን ለሚጽፍልዎ ልጅም ጭምር፣ ወንድምዎ ደግሞ ድኖ ቢመጣ መሬትም የለው፣ ካሳም የለው፣ ደብተርም የለው። ጠበል ሄዶ የዳነ ሰው ብዙ አለ፣ እርስዎም ተስፋ ስላለዎት ነው የወሰዱት።

አንድ ነገር ግን ለወንድምዎ የሚጠቅም አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ ብዙ ጠበቃ የሚዘለው ድንጋጌ ነው። ከ2,000 ሰው በታች በሚኖርበት አካባቢ፣ ቤተሰቡ በሕመሙ ምክንያት እየጠበቀው እንደልቡ እንዳይንቀሳቀስ ካደረገው፣ የሰውየው ሕመም ሁሉም የሚያውቀው ሆኖ ይቆጠራል። "በር ዘግተን እንጠብቀዋለን" ያሉት ይኸው ነው። ሕጉን የጻፉት ሰዎች የገጠር ሰው ሆስፒታል ገብቶ ወረቀት እንደማይዝ ገብቷቸው ነበር። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ወንድምዎ የፈረመው ነገር ካለ፣ ለማፍረስ ከከተማው ሰው ይልቅ መንገዱ ይቀልልዎታል። ጎረቤት ይመሰክራል። ቄሱ ይመሰክራል።

የሚሠሩት ሥራ ይህ ነው። ወረዳ ፍርድ ቤት ሄደው ለወንድምዎ ሞግዚት ልሁን ብለው ያመልክቱ። አማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ ዳኛው ያውቀዋል፣ እርስዎ ስለ አንቀጽ አይጨነቁ። ሦስት ምስክር ይያዙ፣ ደብተሩን ይያዙ፣ ከጤና ጣቢያም ቢሆን ወረቀት ካለ ይያዙ። ፍርድ ቤቱ ከሾመዎ ካሳው በወንድምዎ ስም ይጻፋል፣ የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት፣ "ሞግዚት" ተብሎ ከጎኑ ይጻፋል። ያቺ አንዲት ቃል ናት ልዩነቷ። ምትክ መሬት ከተሰጠም አዲሱ ደብተር በእሱ ስም ይውጣ።

የካሳውን ስሌት አልነካም ብዬ ነበር፣ ለእርስዎ ግን አንድ ቁጥር ልንገር። የገጠር መሬት በቋሚነት ሲለቀቅና ምትክ መሬት ሳይገኝ ሲቀር አዋጅ 1161 ላይ የተቀመጠው የመፈናቀያ ካሳ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ ተወስዶ በ15 ተባዝቶ ነው። በድሮው አዋጅ፣ በ455/1997፣ በ10 ነበር። ስለዚህ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከዚያ መሬት ስንት ኩንታል እንዳነሱ የሚያውቀው ወንድምዎ ሳይሆን እርስዎ ነዎት፣ ያረሱት እርስዎ ነዎትና። ገማቾቹ ሲመጡ እርስዎ ይገኙ። የእኩል አርሰው ከሆነ ደግሞ ያለው ሰብል ላይ የራስዎ ድርሻ አለ፣ እሱን ለይተው ያስመዝግቡ፣ ከወንድምዎ ጋር አይደባለቅ።

ጠበቃ መያዝ ካቃተዎ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ አገልግሎት ይሰጣሉ፣ ልጅዎ ይጠይቅ። ዘመድ የሌለው ታማሚ የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ ዐቃቤ ሕግም ማመልከት ይችላል፣ ሄዳችሁ ንገሩት፣ ሥራው ነው።

"የቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ሾሞኛል፣ ባሕር ዳር ይሠራል?"

*ሰላም ወንድሜ። አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። አባቴ ስትሮክ መትቶት አብሮኝ ነው ያለው፣ አይናገርም። እዚህ ፍርድ ቤት ኮንሰርቫተር፣ ንብረቱን የማስተዳድርለት፣ አድርጎ ሾሞኛል። ባሕር ዳር ያለው ግቢው ለመንገድ ሊነሳ ነው ተብሎ የአጎቴ ልጅ ደወለልኝ። ወረቀቴን ልላክለት? ደሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እዚህ ጎረቤታችን ያለ አሜሪካዊ ሽማግሌ ቤቱ ለመንገድ ሲወሰድ ዳኛው ራሱ ጠበቃ መደበለት። እኛ አገር ለምን እንዲህ አይሆንም?*

ከሁለተኛው ልጀምር፣ ደስ የሚል ጥያቄ ስለሆነ። አሜሪካ ውስጥ ከባለቤቱ ጋር ስምምነት ካልተደረሰ መንግሥት መሬት የሚወስደው ባለቤቱን ፍርድ ቤት ከሶ ነው። ነገሩ ከሥሩ ክስ ነው። ክስ ከሆነ ተከሳሽ አለ፣ ተከሳሹ መከላከል የማይችል ከሆነ ደግሞ ዳኛው ዝም ብሎ አያልፍም፣ ለዚያ ክስ ብቻ የሚቆምለት ሰው ይሾማል። ቨርጂኒያ ውስጥ ያ ሰው ጠበቃ ነው የሚሆነው። በፌዴራል ፍርድ ቤቶችም ተወካይ የሌለው ሰው ችሎታ ከሌለው ዳኛው እንዲህ ያለ ተወካይ መሾም ወይም ሌላ መጠበቂያ ትእዛዝ መስጠት አለበት። እኛ ጋ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል ሕገ መንግሥቱ፣ አንተ ባለይዞታ ነህ፣ በላዩ ያለው ቤት ነው የግልህ። ስለዚህ ወረዳው አይከስህም፣ ደብዳቤ ነው የሚጽፍልህ። ዳኛ በሌለበት ደግሞ ጠበቃ የሚመድብ የለም። በእኔ እምነት አዋጁ ላይ አንድ አንቀጽ ቢጨመር፣ ቆጠራ የሚያደርገው ባለሙያ ባለይዞታው መረዳት እንደማይችል ካየ ለፍርድ ቤት እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ፣ ብዙ እንባ ይቀር ነበር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ካሳ በቅድሚያ ይከፈል ብሏል። ካሳው ለማን እጅ ነው የሚከፈለው የሚለውን ግን ለቤተሰብ ጭቅጭቅ ነው የተውነው።

አሁን ወደ ወረቀትህ። የቨርጂኒያው ትእዛዝ በራሱ ባሕር ዳር አይሠራም። የውጭ አገር ፍርድ እንዲፈጸም የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት መፍቀድ አለበት፣ ያ ሒደት ደግሞ ቅድመ ሁኔታው ብዙ ነው። ከዚያ ይልቅ ባሕር ዳር አዲስ ማመልከቻ ቢገባ ይሻላል እላለሁ። የአሜሪካው ትእዛዝ እንደ ማስረጃ ይቅረብ፣ የሐኪሙ ሪፖርትም እንዲሁ። ዳኛው አባትህን ማየት ስለማይችል የሐኪሙ ወረቀት ነው አባትህን ወክሎ የሚናገረው፣ ጠንካራ ይሁን። ሰነዶቹ እዚያ ተረጋግጠው፣ ዋሽንግተን ኤምባሲያችንን አልፈው፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጠው፣ በአማርኛ ተተርጉመው ነው ፋይል የሚገቡት። ጊዜ ይፈጃል። ዛሬ ጀምር።

ለአጎትህ ልጅ ውክልና ስትሰጥ አንድ ስህተት እንዳትሠራ። ውክልናውን የምትሰጠው ከራስህ ነው፣ "አባቴን በመወከል" ብለህ አይደለም። አንተ እንደ ልጅ፣ ለአባትህ ሞግዚት እንዲሾም በአንተ ስም ፍርድ ቤት እንዲያመለክት ትወክለዋለህ። አባትህ ወክሎታል የሚል ወረቀት እንዲመጣ ከተፈለገ ግን አባትህ መፈረም አለበት፣ እሱ ደግሞ አይችልም። ይህን ሳያስተውሉ የአባትን እጅ ይዘው ያስፈረሙ አሉ፣ በኋላ ፎርጅድ ተብሎ ወንጀል ሆኖ ቁጭ።

ደግሞ የአጎትህን ልጅ እመነው፣ ግን ሞግዚት እሱ ከሆነ ካሳው በአባትህ ስም ዝግ ሂሳብ ይግባ። ይህን ለእሱም ንገረው፣ ቢከፋው ይሻላል።

"አባቴ ዓይነ ስውር ነው፣ ሞግዚት ላውጣለት?"

*አባቴ 70 ዓመቱ ነው፣ ዓይኑ ከጠፋ ቆየ፣ ፊደልም አልቆጠረም። አእምሮው ግን ከእኔ ይሻላል። ቤታችን ሊነሳ ነው። ወረዳ ያሉት ሰውዬ "ዓይነ ስውር መፈረም አይችልም፣ ሞግዚት አምጡ" አሉን። እውነት ነው?*

አይደለም። አባትሽ ችሎታ አላቸው፣ ራሳቸው ይወስናሉ። ሕጉ ማየት የተሳነው ወይም በቋሚ ጉዳት ምክንያት ራሱን ማስተዳደር ያቃተው ሰው ለአእምሮ ሕመምተኛ የተሰጠውን ጥበቃ ልጠቀም ካለ ይችላል ይላል። ልጠቀም ካለ ነው። በግድ የሚጫን አይደለም፣ ምርጫው የእሳቸው ነው። ሰውዬውን "ሞግዚት አምጡ የሚለውን በጽሑፍ ይስጡኝ" በያቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያበቃል።

ስለ ፊርማው ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የማያይ ወይም የማያነብ ሰው አሻራ ውል ላይ የሚያስገድደው ሥልጣን ያለው ሰው ፊት፣ ውልና ማስረጃ ወይም ሬጅስትራር ወይም ዳኛ ፊት፣ ተረጋግጦ ሲደረግ ነው። ስለዚህ ወረዳው ጠረጴዛ ላይ "ጋሼ እዚህ ጋ ይጫኑ" ሲባል እሺ እንዳይሉ። ወረቀቱን ውሰጂና ቤት ሆነሽ ከላይ እስከ ታች አንብቢላቸው፣ ቁጥሩንም፣ ከታች ያለውን ትንሹን ጽሑፍም። አባቶች ሲነበብላቸው የማይሰሙት የለም፣ ሽንት ቤቱ ከቆጠራው መዝለሉን መጀመሪያ የሚይዙት እሳቸው ናቸው።